እንጆሪ ያለ አፈር፦ ከከረጢቱ ሥር የሚወጣውን ውሃ ለኩ

[ምስል፦ በኮኮናት ቃጫ የተሞላ ከረጢት፤ ካሜራው ወደ አንድ ለጋ ቅጠል ይቀርባል]

ይህን ቅጠል ልብ ብላችሁ እዩት። ገና እየተዘረጋ ነው፤ ጫፉ ግን ጠቁሮ ተኮማትሯል። ብዙ አምራች ይህን ሲያይ «ተክሏ ተርባለች» ብሎ ማዳበሪያ ይጨምራል። እባካችሁ አትቸኩሉ። ቅጠሉ ያጣው ካልሲየም ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ካልሲየሙ ማዳበሪያ በበጠበጣችሁበት በርሜል ውስጥ አለ፣ ያልደረሰው ቅጠሉ ጋ ነው። ካልሲየም ከውሃ ጋር ነው የሚጓዘው። ሥሩ ዙሪያ ጨው ሲከማች ተክሏ ውሃ መሳብ ያቅታታል፤ ማዳበሪያ ስንጨምርባት ደግሞ ይብስባታል።

ጨው ስል የወጥ ጨው ብቻ ማለቴ አይደለም። ውሃ ውስጥ የሟሟ ማዳበሪያም ጨው ነው፤ የኢሲ (ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም) መለኪያ የሚያነበውም የእሱን ክምችት ነው። (ዩሪያን ግን አያነበውም፤ ስለዚህ ዩሪያ በጥብጣችሁ መለኪያው ዝቅ ብሎ ቢታይ አትመኑት። ለዚህ ዓይነት እርሻም አልመክረውም።) እንጆሪ ጨው አትችልም፤ የምንሰጣት ውሃ ኢሲው ከ1.2 እስከ 1.8 ሚሊ ሲመንስ በሴንቲ ሜትር፣ ፒኤቹ (የአሲድነቱ መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 እስከ 6.2 ቢሆን ይስማማታል።

[ምስል፦ ሁለት ዕቃዎች፤ አንዱ ከጠብታ ማውጫው፣ ሌላው ከከረጢቱ ሥር]

አሁን ዋናው ሥራ። የሚገባውንም የሚወጣውንም ውሃ አጠራቅሙና ለኩ። ወደ ከረጢቱ 1 ሊትር ገብቶ 200 ሚሊ ሊትር ያህል ከወጣ ጥሩ ነው። የኢሲ መለኪያው ደግሞ የገባውን 1.4፣ የወጣውን 1.6 ካነበበ አትንኩት። የወጣውን 2.5 ካነበበ ጨው እየተጠራቀመ ነው፤ ማዳበሪያውን አቅጥኑና ትርፍ ውሃው በርከት ብሎ እንዲወጣ አጠጡ። የወጣው ውሃ ኢሲ ከገባው ካነሰ ተክሏ ከምትሰጧት በላይ እየበላች ነው፤ ያኔ ትንሽ ጨምሩላት።

የኮኮናት ቃጫ ከመትከላችሁ በፊት መታጠብ አለበት፤ ሶዲየምና ፖታሲየም ይዞ ይመጣል። በካልሲየም ናይትሬት ውሃ ዘፍዝፉት፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት። በቃጫ ፋንታ ሬድ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) የምትጠቀሙ ደግሞ ቶሎ ስለሚደርቅ ትንሽ ትንሽ እያደረጋችሁ ደጋግማችሁ አጠጡ።

[ምስል፦ ሁለት በርሜሎች]

ካልሲየም ናይትሬት ለብቻው በርሜል ይሁን። ከማግኒዥየም ሰልፌት ወይም ከፎስፌት ጋር ወፍራም ሆኖ ከተቀላቀለ ነጭ ዝቃጭ ይሠራል፤ ዝቃጩ የጠብታ ማውጫውን ይደፍናል።

በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ፣ ፒኤቹን አደራ። የብዙዎቹ ጉድጓዶች ውሃ ፒኤቹን ከፍ የሚያደርግ ባይካርቦኔት ይበዛበታል፤ ፒኤች ከፍ ሲል ተክሏ ብረት ማግኘት ያቅታትና በለጋ ቅጠሎቿ ላይ ያሉት ጅማቶች አረንጓዴ ሆነው በመካከላቸው ያለው ቢጫ ይሆናል። በናይትሪክ አሲድ ይስተካከላል፤ ጓንትና መነጽር አድርጋችሁ አሲዱን ወደ ውሃው ጨምሩ እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አታፍሱ።

ፍሬ መያዝ ስትጀምር ናይትሮጅኑን ቀነስ፣ ፖታሲየሙን ከፍ አድርጉ፤ ናይትሮጅን ሲበዛ ፍሬው ይለሰልሳል። ፖታሲየም በአንድ ጊዜ ከበዛ ግን ካልሲየምና ማግኒዥየም እንዳትወስድ ያደርጋታል። ስለዚህ ጥቂት ጨምሩ፣ በማግሥቱ ከከረጢቱ ሥር የወጣውን ለኩ፣ ከዚያ ቀጥሉ።