መጽሐፍ አይደለም ለተባለችው መጽሔት

የተከበራችሁ የንባብ ክበባችን አባላት፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እዚያ ኋላ ስልካችሁን የምትነካኩ ልጆቼም፣ እንደምን አመሻችሁ።

ኮሚቴው «የሳይንስ ልብ ወለድ ለወጣቶቻችን ያለው ጠቀሜታ» የሚል ርዕስ ሰጥቶኛል። ሃያ ደቂቃም ሰጥቶኛል። ርዕሱን ተቀብዬ ቤቴ ገባሁ፣ ሦስት ቀን ታገልኩት፣ እንቢ አለኝ። ጠቀሜታ የሚል ቃል ያለበት ንግግር እንቅልፍ ያመጣል። እዚሁ አዳራሽ ስንቱን አብረን አንቀላፍተንበታል። ስለዚህ ይቅርታችሁን ጠይቄ ስለ ሌላ ነገር ላውራ። ስለ ሴቶች፣ ስለ ስቴንስል፣ ጆሮው ስለሾለ አንድ ሰውዬም።

ሰውዬው ስፖክ ነው። ስታር ትሬክ የሚባለውን የቴሌቪዥን ድራማ የማያውቅ ካለ በአጭሩ ልንገረው። ኢንተርፕራይዝ የምትባል መርከብ ጠፈር ለጠፈር ትዞራለች። አዛዧ ካፒቴን ከርክ ነው። ስፖክ ምክትሉ ነው፤ በእናቱ የኛው የምድር ሰው፣ በአባቱ የሌላ ዓለም ፍጡር። ስሜቴን ሰው እንዳያይብኝ ብሎ ቀኑን ሙሉ ፊቱን እንዳኮሳተረ የሚውል ነው። አንዳንዶቻችን እንዲህ ዓይነት አባት አሳድጎናል።

ድራማው በ1966 ኤን.ቢ.ሲ. በሚባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ ላይ ተጀመረ፣ በ1969 አበቃ። 79 ክፍል ብቻ ነው። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ አንዷን ብቻ በኛ እጠራለሁ፣ ስደርስ እነግራችኋለሁ።

እስከዚህ ያልኩትን ማንም ያውቀዋል። የፈጠረውን ጂን ሮደንቤሪንም ያውቃሉ። ሐውልት ለማቆም ለማን እንደሆነ አይጠፋቸውም። እኔ የመጣሁት ግን ለታይፒስቶቹ ነው።

ድራማው ገና አንድ ዓመቱን እንደደፈነ፣ በሴፕቴምበር 1967፣ ኒውዮርክ ብሩክሊን ውስጥ ዴቭራ ላንግሳምና ሸርና ኮመርፎርድ የሚባሉ ሁለት ሴቶች አንድ መጽሔት አወጡ። ስሙን «ስፖካኔሊያ» አሉት። ከዳር እስከ ዳር ስለ ስታር ትሬክ ብቻ የሆነ የመጀመሪያው የአድናቂዎች መጽሔት ነው። እንዲህ ያለውን ፋንዚን ይሉታል። አድናቂዎች በራሳቸው ገንዘብ፣ በራሳቸው ጉልበት አዘጋጅተው ለሌላ አድናቂ በፖስታ የሚልኩት መጽሔት ነው። ውስጡ ታሪክ አለ፣ ግጥም አለ፣ ሥዕል አለ። የስፖክ አገር ሰዎች እንዴት እንደሚያስቡና እንዴት እንደሚኖሩ የሚተነትን ጽሑፍም አለ። ስፖክን ሆኖ የሚጫወተው ሌናርድ ኒሞይ ራሱ ደብዳቤ ልኮላቸው በመጀመሪያው እትም ወጥቷል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሩት በርማን የምትባል ሴት ሚኒያፖሊስ ላይ «ቲ ኔጌቲቭ» የሚባል ሌላ ጀመረች። ቲ ኔጌቲቭ የስፖክ የደም ዓይነት ነው። ሰው የቴሌቪዥን ገጸ ባሕርይን የደም ዓይነት የመጽሔት ስም ካደረገ፣ ፍቅሩ እንዴት እንደሆነ ልነግራችሁ አያስፈልግም።

አሁን ስቴንስሉ ላይ እንምጣ። እዚህ ትንሽ ልቆይበት፣ ሰዓቴን ብበላም እኔው ነኝ የምበላው።

ስቴንስል ለማታውቁ ልጆች፣ በሰም የተነከረ ስስ ወረቀት ነው። የጽሕፈት መኪናውን ሪባን ታወርዱና ፊደሉ ወረቀቱን ባዶውን እንዲመታው ታደርጋላችሁ። የተመታው ቦታ ይበሳል። ከዚያ ማባዣው ላይ ይጠመጠማል። እጀታውን ስታዞሩ ቀለሙ በቀዳዳው ሾልኮ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ከተሳሳታችሁ የጥፍር ቀለም የመሰለ ፈሳሽ ቀብታችሁ፣ እፍ እፍ ብላችሁ አድርቃችሁ፣ እንደገና ትመቱታላችሁ። ሽታው ራስ ያዞራል።

እኔ አዲስ አበባ አንድ ትምህርት ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ፈተና የምቆርጠው እኔ ነኝ። ያኔ «ስቴንስል መቁረጥ» ነው የሚባለው። የስቴንስል ትልቁ ጠላት ክብ ፊደል ነው። «ዐ»ን ጠንከር አድርጋችሁ ከመታችሁት መሐሏ ተቆርጦ ይወድቃል፣ ወረቀቱ ላይ ፊደል መሆኗ ቀርቶ ድፍን ጥቁር ነጥብ ትሆናለች። ሥራ በጀመርኩ በወሩ የታሪክ ፈተና ቆረጥኩ። የዚያን ዕለት ከቤት ተጣልቼ ነው የወጣሁት፣ ጣቴ መዶሻ ሆኗል። ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ዐፄ ዮሐንስ፣ ዐፄ ምኒልክ፣ ሁሉም በነጥብ ወጡ። ፈተናው ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ነጥብ ፄ ማናቸው?» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዳይሬክተሩ አስጠሩኝ። ቀጡኝ ብል ውሸት ነው፣ እሳቸውም ሳቁ። ግን ጡረታ እስኪወጡ ድረስ «ነጥብ ፄ» ብለው ነው የሚጠሩኝ።

በኛ የምጠራው ዓመት ይሄ ነው፦ 1969 ዓ.ም.። የዕድሜ እኩዮቼ ስታስታውሱ ፊታችሁ ሲለወጥ ከዚህ ይታየኛል። የቤት ለቤት አሰሳ ሲደረግ ከጠመንጃው እኩል የጽሕፈት መኪናና ማባዣ ይፈለግ ነበር። እኔ መንግሥት በፈቀደው ቢሮ ፈተና ነው የማባዛው። ቢሆንም ማታ ስገባ እናቴ በር ላይ ጠብቃ ጣቶቼን በነጭ ጋዝ ታጥብልኝ ነበር። ቀለም የነካው ጣት ጥያቄ ያመጣ ነበር።

ከዚያ ዘመናት አልፈው፣ ለእህቴ ልጅ ምረቃ አይዋ የሚባለው የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ሄድኩ። የአይዋ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የአድናቂዎችን መጽሔት ሰብስቦ ያስቀምጣል። አንድ ጠዋት ሥራ ፈትቼ ገባሁ። እስክሪብቶሽን ቦርሳሽ ውስጥ አድርጊ፣ እርሳስ ብቻ ነው የሚፈቀደው አሉኝ። ሳጥን አመጡልኝ። ከውስጡ አንዱን አነሳሁ። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፣ ስቴፕሉ ዝጎ ገጹ ላይ ቡናማ ምልክት ትቷል። አንድ ገጽ ገለጥኩ። የእንግሊዝኛዋ ኦ በየመስመሩ ድፍን ጥቁር ነጥብ ናት።

እዚያው ወንበሩ ላይ ሳቅኩኝ። ዞር ብለው አዩኝ። ይቺን ሴትዮ አውቃታለሁ! ስሟን አላውቅም፣ መልኳን አላውቅም። ግን ያን ምሽት ወይ ቸኩላለች ወይ ከሰው ተጣልታለች። ቀን የሰው ደብዳቤ ስትተይብ ውላ፣ ማታ የራሷን ልትመታ የተቀመጠች ሴት ነው የታየችኝ። ልዩነታችን አንድ ነው። እሷ ስትጨርስ እጇን በሳሙና ነው የታጠበችው።

ጓደኞቿ ይሰበሰባሉ። ገጾቹ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዙሪያውን ይደረደራሉ። ሴቶቹ ጠረጴዛውን እየዞሩ ከየክምሩ አንድ አንድ ያነሳሉ። መጨረሻ ላይ ያለችው ስቴፕለር ይዛ ትጠብቃለች። ቀጥሎ አድራሻ፣ ቴምብር፣ ፖስታ ቤት። የኛ ቤት የሰርግ ዋዜማ በሉት፤ ሽንኩርት የለውም እንጂ ወሬው ያው ነው። የሚያስከፍሉት የወረቀቱንና የቴምብሩን ነው።

እና እነዚህን ሴቶች ምን አሏቸው? ሥራ ፈት አሏቸው። እብድ አሏቸው። ጆሮው የሾለ ሰውዬ ያሳበዳቸው አሏቸው። ቅዳሜ ስታዲየም ገብቶ ሆዱን ቀለም ቀብቶ የሚጮኸው ወንድ ግን ደጋፊ ነው የሚባለው!

ልንገራችሁ እነዚህ «ሥራ ፈቶች» ምን እንደሠሩ። ድራማው በሁለተኛው ዓመት ሊዘጋ ነው ተባለ። ቢጆ ትሪምብል የምትባል ሴት ከባሏ ጋር ሆና ደብዳቤ ጻፉ የሚል ዘመቻ አስነሳች። ሰው ጻፈ። ጣቢያው በደብዳቤ ተጥለቀለቀ። ማርች 1 ቀን 1968 ማታ ኤን.ቢ.ሲ. ራሱ በቴሌቪዥን ድራማው እንደሚቀጥል አስታወቀ። ከዚያ ቂሙን ተወጣ መሰለኝ፣ ሦስተኛውን ዓመት ዓርብ ማታ አራት ሰዓት ላይ ወረወረው። ወጣቱ ሁሉ ከቤት የሚወጣበት ሰዓት ነው። በዓመቱ ተዘጋ።

ድራማው ሲሞት መጽሔቶቹ ይሞታሉ ያለ ተሳሳተ፤ ያኔ ነው የበዙት። ጣቢያዎች የድሮውን ደጋግመው ያሳያሉ፣ ሴቶቹ አዲሱን ይጽፋሉ። በጃንዋሪ 1972 ላንግሳምና ጓደኞቿ ኒውዮርክ ሆቴል ተከራይተው ስብሰባ ጠሩ። የጠበቁት ጥቂት መቶ ሰው ነው፣ የመጣው ከሦስት ሺህ በላይ ነው። እንግዲህ ሦስት ዓመት ያህል ያንን እሳት አዳፍኖ ያቆየው ማነው? ጣቢያው አይደለም። ምድጃው የሴቶቹ የምግብ ጠረጴዛ ነው። ማጨብጨብ የፈለገ ካለ እዚህ ላይ ያጨብጭብ።

አውቃለሁ፣ መሐላችሁ ሕግ የተማሩ አሉ። «የሰው ገጸ ባሕርይ ወስዶ መጻፍ ስርቆት አይደለም ወይ?» ትሉኛላችሁ። የአሜሪካንን ሕግ ለጠበቃ እተዋለሁ። እኔ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። አለቃ ገብረ ሃና ያልተናገሩትን ስንቱን አናገርናቸው? ካረፉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፣ አሁንም ስለ ሞባይል ይቀልዳሉ። ባለፈው ፋሲካ እዚሁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የመኪና ማቆሚያ ቅጣት ተቀጥተው ለፖሊሱ የመለሱለትን ቀልድ ሰምቻለሁ። ማን ፈቀደልን? ሰውዬውን ስለምንወዳቸው ዝም እንዲሉብን አልፈለግንም። ብሩክሊን ላይ የሆነውም ይኸው ነው።

ደግሞ እነዚህ ሴቶች ራሳቸው ላይ መሳቅ ያውቁበታል። ፓውላ ስሚዝ የምትባል በ1973 «ሜናጀሪ» በሚባለው ፋንዚን አንዲት አጭር ቀልድ ጻፈች። ሜሪ ሱ የምትባል የአሥራ አምስት ዓመት ተኩል መቶ አለቃ መርከቧ ላይ ትመጣለች። ሁሉን ታውቃለች፣ ሁሉም ይወዳታል፣ ሁሉንም ታድናለች፣ ስትሞት ሁሉም ያለቅሳል። ጀማሪ ጸሐፊ ራሱን ታሪኩ ውስጥ ሲያነግሥ ለማሾፍ ነው የጻፈችው። ዛሬ የሥነ ጽሑፍ ተቺዎች ሜሪ ሱ የሚለውን ስም እንደ ሙያ ቃል ይጠቀሙበታል። በስቴፕለር ከታሰረች መጽሔት ነው የወጣው።

አሁን የመጣሁበትን ልናገር።

ባለፈው ዓመት የመጻሕፍት ቀናችን ላይ ብዙዎቻችሁ ነበራችሁ። አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሃያ አራት ገጽ መጽሔት ይዛ መጣች። በአማርኛ! እዚህ ተወልዳ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ተምራ፣ በአማርኛ የጻፈችው የኡሁራን ታሪክ ነው። ኡሁራ የመርከቧ የመገናኛ መኮንን ናት፣ ጥቁር ሴት። ስሟ ከስዋሂሊው ኡሁሩ የመጣ ነው፣ ነፃነት ማለት ነው። ኒሼል ኒኮልስ ናት የተጫወተቻት። ድራማውን ልትተወው ስትል ማርቲን ሉተር ኪንግ እንዳትተዪ ብሎ እንደመከራት እሷ ራሷ ደጋግማ ተናግራለች። የኛዋ ልጅ ታሪክ ውስጥ ኡሁራ መስሚያዋን ጆሮዋ ላይ ይዛ ከሩቅ ጠፈር የማይታወቅ ምት ትሰማለች። ዱም፣ ዱም፣ ዱም። ኮምፒውተሩ አያውቀውም። ስፖክም አያውቀውም። አንባቢው ግን ሦስተኛው ገጽ ላይ ያውቀዋል። ቡና እየተወቀጠ ነው።

እኔ ይህን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። የእኛ አስተናባሪ ምን አለ? ስሙን አልጠራም፣ ወንድሜ ነው፣ ዛሬም እዚህ አለ። «አይ.ኤስ.ቢ.ኤን. የሚሉት የመጽሐፍ መለያ ቁጥር የለውም፣ ማተሚያ ቤት አላወጣውም፣ መጽሐፍ አይደለም» ብሎ ከጠረጴዛው ላይ አነሳው። ልጅቷ መጽሔቶቿን በፌስታል ይዛ በር ላይ ቆመች። እኛስ? ቡናችንን ጠጣን። እኔም ጠጣሁ። ዓመቱን ሙሉ ያንገበገበኝ እሱ ነው።

በዚህ ሕግ ከሄድን በብራና የተጻፈ ሁሉ መጽሐፍ አይደለም። ገድሉም ድርሳኑም ቁጥር የለውም። ፈረንጆቹ ዘንድም ባንተም የሚባል ትልቅ አሳታሚ በ1976 የአድናቂዎቹን ታሪኮች ሰብስቦ መጽሐፍ አድርጎ አወጣቸው። ታሪኮቹ ያው፣ ሴቶቹም ያው። ሽፋን ገባላቸውና የመጽሐፍ መደብር ተቀበላቸው። እኛም ሌላ ሰው ሽፋን እስኪያለብሳት ልንጠብቅ ነው?

ስለ ኢንተርኔቱ ዘመንና ስለ ወጣቶቻችን ጠቀሜታ ሁለት ገጽ ይዤ ነበር። ሊቀመንበሩ ሰዓታቸውን እያዩ ነው፣ ልዝለለው።

ለኮሚቴው አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። በሚቀጥለው የመጻሕፍት ቀን አንድ ጠረጴዛ ይሰጠኝ። የሚታጠፈው፣ አንድ እግሩ የሚወላገደው ይበቃኛል። ስቴፕለሩን እኔ አመጣለሁ።

ልጅቷ ዛሬም መጥታለች። በሩ አጠገብ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰችው ናት። ሁለተኛውን እትም ይዛለች። ዋጋው ሦስት ዶላር ነው፣ የፎቶ ኮፒው ሒሳብ ማለት ነው። ዝርዝር ያዙ፣ መልስ የላትም።