አዲሱ ዊንዶውስ ይቆየን!

ሰላም ቤተሰብ! የምቀዳው አራት ኪሎ ነው፤ የታክሲ ረዳት ሲጮህ ብትሰሙ የቪዲዮው አካል ነው በሉት። ጥያቄያችን፦ አዲሱ ዊንዶውስ 11 እያለ ሰው ለምን ዊንዶውስ 10 ላይ ሙጭጭ ይላል?

እስቲ ቤት መልቀቅን አስቡት። ከካዛንቺስ የቀበሌ ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም። አዲሱ ይሻላል? አዎ፣ ሽንት ቤቱ የግል ነው! ግን ቁም ሳጥኑ በደረጃው አይታጠፍም። ምጣዱ የት ይሰካ? በርበሬው የት ይሰጣ? እማማ ደግሞ ሌሊት ሲነሱ እጃቸው የሚሄደው የድሮው ማብሪያ ወደነበረበት ነው። ግድግዳ ይዳብሳሉ። በማግስቱም ይዳብሳሉ። ዊንዶውስ 11 የስታርት ቁልፉን ከግራ ጥግ መሃል ላይ አምጥቶት የለ? እኔም እስካሁን ግራ ጥግ እዳብሳለሁ። በሴቲንግ ወደ ግራ ይመለሳል፤ ግን ማን ሴቲንግ ይከፍታል?

ቁም ሳጥኑስ? እሱ የለመድነው የድሮ ዕቃ ነው፦ የሒሳብ ሠራተኛዋ የሒሳብ ፕሮግራም ፒችትሪ፣ የጸሐፊዋ የአማርኛ መጻፊያ ፓወር ግዕዝ፣ ያ ሽማግሌ ፕሪንተር። እነሱ እምቢ ካሉ አዲሱ ቤት ምን ያደርጋል? እኔ ይሄን ስንፍና አልለውም።

አሁን ወደ እናንተ። «አፕግሬድ ካደረግኩ ፋይሌ ይጠፋል» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። ኧረ አይጠፋም! የምትሉት ፎርማትን ነው፤ ዲስኩን ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ማለት ነው። እኛ ሰፈር ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ መድኃኒቱ ፎርማት ነው፤ ሲ የሚባለው የዲስኩ ክፍል ይጠረጋል፣ ዲ የሚባለው ይተርፋል፣ ዴስክቶፕ ላይ የነበረው የልጅቷ የክርስትና ፎቶ አብሮ ይሄዳል። አፕግሬድ ሌላ ነው። ፋይልና ፕሮግራም ይቆይ የሚለውን መርጣችሁ ትቀጥላላችሁ፣ በቃ። አፕግሬድ ፎርማት አይደለም። ፎርማት አይደለም! ለማንኛውም ፍላሽ ላይ ገልብጡ፤ መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም።

ቴክኒኩን ቶሎ ልበለው፣ ታውቁታላችሁ። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 (የኮምፒውተሩ የደኅንነት ቺፕ)፣ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ቦታ ይፈልጋል። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ በአብዛኛው 8ኛ ጄኔሬሽን (ትውልድ) ና ከዚያ በላይ። ስለዚህ «እምቢ አሉ» ከሚባሉት ብዙዎቹ እምቢ ያለው ማሽናቸው ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ኮምፒውተሩ መሥራቱን አያቆምም፤ ለተጨማሪው የደኅንነት ጥገና ካልተመዘገባችሁ ግን ጣሪያው ሲያፈስ የሚደፍን የለም። ኢንተርኔት ባንኪንግ የምትጠቀሙበት ከሆነ እኔ አልወድላችሁም።

የእኔስ? ይሄን የማነብበት ላፕቶፕ 6ኛ ጄኔሬሽን ነው። ሰብስክራይብ አድርጉና አዲስ እንግዛ!