በሪፖርቱ ያልሰፈረው የዓመቱ ሥራችን
(በአንድ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ክፍል ዓመታዊ የሥራ ግምገማ ላይ በክፍሉ ኃላፊ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የኮሌጃችን አመራሮች፣ የተከበራችሁ መምህራንና የቤተ ሙከራ ባለሙያዎች፣ ከሆስፒታሉ ፋርማሲ የመጣችሁ የሥራ ባልደረቦቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የዓመቱ ሪፖርት በእጃችሁ ነው። ስንት ኮርስ እንደተሰጠ፣ ስንት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን እንዳቀረበ፣ ስንት ጥናት በጆርናል እንደታተመ በሰንጠረዥ ስለተቀመጠ እኔ መልሼ አላነበውም። ዛሬ የምናገረው በሰንጠረዡ ውስጥ ቦታ ስላላገኘ ሥራ ነው፤ መምህሩ ከተማሪው ጋር በሕሙማን አልጋ አጠገብ ቆሞ ስለሚያሳልፈው ሰዓት።

በአገራችን የፋርማሲ ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ደረጃ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1961 በአዲስ አበባ ነው። ለረጅም ዘመን ትምህርቱ በዋናነት ስለ መድኃኒቱ ነበር፤ እንዴት እንደሚቀመም፣ ጥራቱ እንዴት እንደሚለካ፣ እንዴት እንደሚከማችና እንደሚታደል። እ.ኤ.አ. በ2008 አካባቢ ሥርዓተ ትምህርቱ ተከልሶ ሥልጠናው 5 ዓመት ሲሆንና የመጨረሻው ዓመት በአታችመንት፣ ማለትም በሆስፒታል በሚደረግ የተግባር ልምምድ ሲያዝ፣ ትምህርቱ መድኃኒቱን ከሚወስደው ሰው ዘንድ ደረሰ። የመምህሩ ሥራም አብሮ ተለወጠ። መለኪያው ግን በቀድሞው ቦታ ቀረ፤ የአፈጻጸም ቅጻችን ዛሬም በዋናነት የሚጠይቀን በክፍል ውስጥ ያስተማርነውን ክሬዲት ሰዓትና ያሳተምነውን ጽሑፍ ነው።

አንድ የዘንድሮ ጠዋት ላስታውሳችሁ። ከመካከላችሁ አንዱ መምህር 5ኛ ዓመት ተማሪዎችን ይዞ በውስጥ ደዌ ዎርድ ራውንድ ላይ፣ ማለትም ከሐኪሞች ጋር በሕሙማን ክፍል ከአልጋ አልጋ እየዞረ ነበር። አንዲት ተማሪ የያዘችው ታካሚ ከኤች አይ ቪ ቫይረስ ጋር የሚኖር ሲሆን፣ ለዚሁ በቀን 1 ጊዜ 50 ሚሊ ግራም ዶሉቴግራቪር የያዘ መድኃኒት ይወስዳል፤ በዚያው ሳምንት የሳንባ ነቀርሳ ተገኝቶበት ሪፋምፒሲን ያለበት ሕክምና ተጀምሮለታል። ተማሪዋ ቻርቱን ገልጣ ዝም አለች። መምህሩ መልሱን አልነገራትም፤ «ሪፋምፒሲን ጉበት ላይ ምን ያደርጋል?» ብሎ ብቻ ጠየቃት። ሪፋምፒሲን ጉበት ሌላውን መድኃኒት ቶሎ እንዲያስወግድ ስለሚያደርገው፣ ዶሉቴግራቪሩ በደም ውስጥ በቂ መጠን እንዲኖረው በቀን 2 ጊዜ መሰጠት እንዳለበት ተማሪዋ ራሷ አስባ ደረሰችበት፤ ለሐኪሙም ራሷ አስረዳች፤ ትእዛዙም በዚያው ጠዋት ተስተካከለ። ይህንኑ ነገር በ3ኛ ዓመት በክፍል ተምራው ነበር፣ በፈተናም መልሳዋለች። የዚያን ዕለት ግን በአልጋው ላይ የተኛው ሰው እያያት ነበር የመለሰችው፤ እኔ ትምህርት የምለው ይህንን ነው።

ይህ ጠዋት በሪፖርታችን የት አለ? የትም የለም። መምህሩ ከ2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት በዎርድ ቆሞ፣ ከሰዓት በኋላ የተማሪዎቹን የታካሚ ክትትል ማስታወሻ አርሞ፣ በማግሥቱ ደግሞ ያንኑ ደግሟል። ቅጹ ላይ የሰፈረለት «አታችመንት መከታተል» የሚል አንድ መስመር ነው። ይህ የማንም ሰው ክፋት አይደለም፤ ቅጹ የተዘጋጀው ይህ ሥራ ከመኖሩ በፊት ስለሆነ ነው። ውጤቱ ግን ያሳስበኛል። ወጣት መምህራን ለደረጃ ዕድገት የሚቆጠርላቸውን ሥራ ቢያስቀድሙ ልንፈርድባቸው አንችልም፤ እነሱ ከዎርድ በራቁ ቁጥር ግን ተማሪው ብቻውን ይቀራል፣ ብቻውን የቀረ ተማሪም ራውንዱን ከሰው ኋላ ቆሞ ይጨርሰዋል።

በቤተ ሙከራ በኩል የሆነውን ሁላችሁም ስለምታውቁት አላረዝመውም። በጥቅምት የጠየቅነው ኬሚካል በግንቦት ሲደርስ፣ የቤተ ሙከራ ባለሙያዎቻችን ባለው ነገር ተማሪው ሳይሠራ እንዳይወጣ ያደረጉትን ጥረት በስማቸው ጠቅሰን ለኮሌጁ ጽፈናል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠውን የመውጫ ፈተናም ቢሆን፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት በሚደረግ ማጠናከሪያ ብቻ ልንወጣው የምንችል አይመስለኝም።

ምርምሩ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም አንዳንድ ባልደረቦቼ የዎርድ ሥራ የምርምር ጊዜያችንን ይሻማል ይላሉ። ሰዓቱን በተመለከተ ልክ ናቸው። ጥያቄው ከየት ይወለዳል የሚለውን ስናይ ግን እኔ የተለየ አስተያየት አለኝ። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 እንዶድ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ የሆኑትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል ያስተዋሉት አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ነው፤ ቤተ ሙከራው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የእኛም ወንዝ ዳር ዎርዱና የመድኃኒት ማደያው መስኮት ናቸው። የትኛው አንቲባዮቲክ ያለ በቂ ምክንያት እንደሚታዘዝ፣ ታካሚው መድኃኒቱን ለምን እንደሚያቋርጥ፣ ከቤቱ ምን ዓይነት ባህላዊ መድኃኒት ጨምሮ እንደሚወስድ የምንሰማው እዚያ ነው። ዘንድሮ ከቀረቡልን የጥናት ንድፎች መካከል በእኔ እምነት ብርቱ የነበሩት ከዚያ የመጡት ናቸው።

ስለዚህ ለመጪው ዓመት የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። የዎርድ ሰዓት እንደ ክፍል ሰዓት በመምህሩ ሎድ፣ ማለትም በተመደበለት የሥራ መጠን ውስጥ ይቆጠር፤ ለዚህም እያንዳንዱ መምህር ቀኑን፣ ዎርዱን፣ አብረውት የነበሩትን ተማሪዎች ብዛትና ከሐኪሙ ጋር የተስማሙበትን የመድኃኒት ማስተካከያ የሚመዘግብበት አጭር መዝገብ ይኑረን። የታካሚ ስም አይጻፍበትም። በዓመቱ መጨረሻ መዝገቡ ለአካዳሚክ ኮሚሽናችን ይቀርባል፤ ለደረጃ ዕድገት የሚታይበትን መንገድም ከኮሌጁ ጋር እንነጋገርበታለን። የኮሌጃችን አመራሮች ዛሬ እዚህ በመገኘታችሁ ይህን ጥያቄ ፊት ለፊት ማቅረብ በመቻሌ አመሰግናለሁ።

የመዝገቡ ረቂቅ ከሪፖርቱ ቀጥሎ ተያይዟል። ከሆስፒታሉ የመጣችሁ ባልደረቦቻችን ከእኛ ይልቅ ዎርዱን ስለምታውቁት፣ የጎደለውን በመንገር ውይይቱን እናንተ እንድትከፍቱልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።