ዝዝዝ ሚለው ማነው? ዳክ ከመግዛታችሁ በፊት

እሷ፦ እሺ ሰላም ናችሁ፣ ያው ከድሬ ነው ምንቀዳው፣ ከዚራ፣ ቬንትሌተሩን ዘግተነዋል ማይኩ ውስጥ እየገባ ስላስቸገረን፣ ስለዚህ ዛሬ እያላበን ነው ምናወራው።

እሱ፦ እኔማ ቀልጬ አልቄያለሁ አቦ።

እሷ፦ ቶሎ ከጨረስክ እንከፍተዋለን። ዛሬ ስለ ዳክ ነው። መጀመሪያ ምንድነው እሱ?

እሱ፦ ቁጥሩን ድምፅ ሚያደርግ ነገር ነው በቃ። ሙዚቃው ስልክሽ ላይ ቁጥር ነው፣ ሲዲ ላይ ለምሳሌ ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ተለክቶ ነው የተጻፈው። ስፒከር ደግሞ ቁጥር አያውቅም፣ እሱ ሚያውቀው ኤሌክትሪክ ሲመጣለት መንቀጥቀጥ ነው። መሀል ላይ ቀያሪ ያስፈልጋል። ግን ስልክሽም ላፕቶፕሽም ቲቪውም ብሉቱዝ ስፒከሩም ውስጥ አንድ አንድ አለ፣ ለዛ ነው ሰው ዳክ ልግዛ ሲለኝ "ያለህ ምን ሆነብህ?" ምለው።

እሷ፦ የኔን ልንገርህ። አጎቴ ለገሀር ሲሰራ ድሮ ከጅቡቲ ያመጣው አምፕ፣ ድምፅ ማጉያ፣ አለ፣ ከባድ ነው፣ ከኋላው ቀይና ነጭ መሰኪያ ብቻ ነው ያለው። ላፕቶፔን በኢርፎን ቀዳዳው በኩል ቀጠልኩት፣ ዘፈኑ ይመጣል ግን ከስሩ ዝዝዝዝ ይላል፣ ማውሱን ሳንቀሳቅስ ደግሞ ጭርጭር። ታይዋን ገበያ ሄጄ ብጠይቅ አንዱ ሻጭ "ዳክሽ ደካማ ነው፣ ይሄን ውሰጂ 32 ቢት ነው 768 ኪሎኸርዝ ነው" አለኝ።

እሱ፦ ቻርጀሩን ነቅለሽ ሞክረሻል?

እሷ፦ እሱን ልነግርህ ነው እኮ! መብራት ጠፋና ላፕቶፑ በባትሪ ሆነ፣ አምፑ በርግጥ ጠፍቷል፣ መብራቱ ሲመጣ አምፑን ከፈትኩ ቻርጀሩን ረሳሁት፣ ወላሂ ጸጥ! ስሰካው ዝዝዝ፣ ስነቅለው ጸጥ።

እሱ፦ አየሽ፣ ዳኩ ምንም አላደረገም። ላፕቶፑ በቻርጀሩ ከሶኬቱ ጋር ተያይዟል፣ አምፑም በራሱ ገመድ ተያይዟል፣ የድምፅ ኬብሉ ደግሞ ሁለቱን አገናኛቸው፣ ስለዚህ ክብ ተሰራ፣ የቻርጀሩ የኤሌክትሪክ ቆሻሻ በዛ በኬብሉ ግራውንድ፣ ማለት ሁለቱን ዕቃ በጋራ ሚያገናኘው ሽቦ፣ በኩል ይዞራል አምፑም ያጎላዋል። የሰውየውን 768 ገዝተሽ በዩኤስቢ ብትቀጥይው ግራውንዱ በዩኤስቢ ኬብሉ ተሻግሮ ያው ዝዝዝ ሊልሽ ይችላል፣ ብሩ ብቻ ነው ሚሄደው።

እሷ፦ እና መፍትሄው?

እሱ፦ ኦፕቲካል ኬብል። ብርሃን ነው ሚሄድበት፣ መዳብ የለውም፣ ኤሌክትሪክ ሊሻገርበት አይችልም።

እሷ፦ ላፕቶፔ የለውማ፣ ቲቪው ነው ያለው። እኔም በመጨረሻ እሱን ነው ያደረኩት፣ ትንሽዬ ሳጥን ናት፣ በአንድ በኩል ኦፕቲካል ትገባለች በሌላው ቀይና ነጭ ይወጣል። ግን ማፈሪያ ነገር ሰራሁ። ሰካሁት፣ ድምፅ የለም። ገልብጬ ሞከርኩ፣ የለም። በባጃጅ ተመልሼ ታይዋን ሄድኩ፣ ልጁ ኬብሉን አየና በጥፍሩ ጫፉ ላይ ያለችውን ነጭ የፕላስቲክ ቆብ ነቅሎ በእጄ አስቀመጠልኝ። ምንም አላለኝም እኮ፣ ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

እሱ፦ ሃሃሃ! ኬብሉ ቲቪው ላይ ተሰክቶ በሌላው ጫፍ ቀይ ብርሃን ካልታየሽ ወይ ቆቡ አለ ወይ ደህና አልገባም ማለት ነው።

እሷ፦ ከዛ ቤት መጣሁ፣ ዩቲዩቡ ሰራ፣ ፊልም ስከፍት ግን ጸጥ።

እሱ፦ እሱ የቲቪው ሴቲንግ ነው። ዲጂታል ኦዲዮ አውትፑት ሚል ቦታ ገብተሽ ፒሲኤም፣ ማለት ያልታመቀውን ተራ ቁጥር፣ ማድረግ አለብሽ፣ አለዚያ ቲቪው ዶልቢ፣ ማለት የታመቀ የፊልም ድምፅ፣ ይልካል፣ እነዚህ ትንንሾቹ ዳኮች ደግሞ ዶልቢ መፍታት አይችሉም፣ ወይ ዝም ይላሉ ወይ ይንጫጫሉ። ስንቱ ሰው "ተበላሽቷል" ብሎ መልሷል በዚህ። ሌላ ደግሞ ሳጥኗ 5 ቮልት ነው ምትፈልገው፣ ከቲቪው ዩኤስቢ እንዳትሰጫት፣ በኦፕቲካል የለየሽውን ግራውንድ መልሰሽ ማገናኘት ነው። በስልክ ቻርጀር፣ ወይ በፓወር ባንክ።

እሷ፦ እሺ የሻጩ ቁጥርስ? 32 ቢት ምናምን ዝም ብሎ ነው?

እሱ፦ ለማዳመጥ? አዎ ዝም ብሎ ነው። ቢት ማለት እያንዳንዱ ልክ ሚጻፍበት የቁጥር ርዝመት ነው፣ 16 ቢት በትንሹና በትልቁ ድምፅ መሀል 96 ዴሲቤል ገደማ ይሰጥሻል፣ እዚህ መስኮት ከፍተሽ ባጃጅ እያለፈ የቱን ትንሽ ድምፅ ልትሰሚ ነው? 24 ቢት በወረቀት 144 ይደርሳል፣ ግን እዛ ድረስ ንጹህ ሆኖ ሚያወጣ ዳክ የለም። ኪሎኸርዙ ደግሞ ድምፁ በሰከንድ ስንት ሺህ ጊዜ እንደተለካ ነው፣ የሲዲው 44,100 የሰው ጆሮ ሚሰማውን እስከ 20,000 ኸርዝ ይሸፍናል።

እሷ፦ ቺፑስ? አንዳንዱ በቺፕ ስም ይማማላል እኮ።

እሱ፦ በ2020 ጃፓን ኖቤኦካ የዳክ ቺፕ ሚሰራው የኤኬኤም ፋብሪካ ተቃጠለና ቺፑ ከገበያ ጠፋ፣ ስንቱ አምራች የሌላ ኩባንያ፣ የኢኤስኤስ፣ ቺፕ አስገብቶ ያንኑ ዕቃውን ሸጠ፣ ሰውም እየሰማ ነው። ከቺፑ ይልቅ ዙሪያው ያለው ሰርኪዩት ነው ዋናው። እኔ ምመርጠው እንዲህ ነው፣ ኦፕቲካል መግቢያ አለው ወይ፣ መውጫው ወደ 2 ቮልት ይሰጣል ወይ፣ ከዛ የተረፈውን ብር ለስፒከር።

እሷ፦ እዚህ ጋ አልስማማም። በአዲሱ ሳጥን ዘፈኑ በጣም ነው የተለየብኝ፣ ዝዝዝታው ብቻ አይደለም።

እሱ፦ ድምፁን አስተካክለሽ ነው ያወዳደርሽው? ላፕቶፕሽ ምናልባት 1 ቮልት ነው ሚሰጠው፣ ሳጥኗ 2 ሰጠች፣ ጮክ ያለው ሁሌ ያማረ ይመስላል። ወንድምሽ ከጀርባሽ ሆኖ ይቀያይርልሽ፣ ድምፁ እኩል ይሁን፣ አንቺ ገምቺ።

እሷ፦ ሞከርነው እኮ፣ ከአስሩ ስድስቱን አገኘሁ።

እሱ፦ ሳንቲም ብትወረውሪም አምስቱን ታገኛለሽ እህቴ።

እሷ፦ ስድስት ነው ያልኩህ! አጎቴ ደግሞ ሁለታችሁም ዝም በሉ፣ ካሴቱ ነው ሚሻለው ይላል።

እሱ፦ በካሴቱማ ከሳቸው ጋር አልከራከርም። በይ ቬንትሌተሩን ክፈቺው።