«ኃላፊው እኔ ነኝ» ካሉ በኋላስ?

ሄለን፦ ጤና ይስጥልን፣ አድማጮቻችን። ዛሬ የምናወራው ነገር ሲበላሽበት ፕሬዚዳንት ለሕዝቡ ምን እንደሚል ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ኋላ «ተሳስታችኋል» እንዳትሉን።

ዮናስ፦ (ሳቅ) እኔ ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ከፍራንክሊን ሩዝቬልት ልጀምር። 1933 ነው። ማርች 4 ቃለ መሐላ ሲፈጽም አሜሪካኖቹ በየባንኩ በር ተሰልፈው ገንዘባቸውን እያወጡ ነው። በሁለተኛው ቀን የአገሪቱን ባንኮች በሙሉ ዘጋ። ከዚያ ማርች 12፣ እሁድ፣ ዋሽንግተን ላይ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን በሬዲዮ ቀረበ።

ሄለን፦ እስቲ አስበው፤ ገንዘብህ ተቆልፎበታል፣ ፕሬዚዳንቱ ደግሞ በእሁድ ምሽት «ስለ ባንክ ጥቂት ላውጋችሁ» ይልሃል!

ዮናስ፦ ያውም ከሀ ሁ ነው የጀመረው። ባንክ የምታስገቡት ገንዘብ ካዝና ውስጥ ተቀምጦ አይጠብቃችሁም፤ ባንኩ ያበድረዋል፣ ይሠራበታል። እጁ ላይ የሚያስቀረው ጥቂቱን ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲመጣ ጤነኛው ባንክም ይቸገራል አላቸው።

ሄለን፦ እቁብ የጣለ ሰው ይሄ ወዲያው ይገባዋል። ሰብሳቢው ቤት ብትሄድ ብሩ ተከምሮ አታገኘውም፤ የደረሰው ሰው ወስዶታል።

ዮናስ፦ በቃ እሱ ነው! ቀጥሎ የት ያሉት ባንኮች ሰኞ፣ የት ያሉት ማክሰኞ፣ የት ያሉት ከዚያ በኋላ እንደሚከፈቱ ነገራቸው። ፍራሽ ስር ከመደበቅ የተከፈተ ባንክ ውስጥ ማስቀመጥ ይሻላል አለ። ንግግሩ ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ሰኞ ሰዉ ተሰለፈ፤ አሁን ግን ገንዘቡን ሊመልስ።

ሄለን፦ ቆይ፣ ንግግሩን ብቻ አናግንነው። ከ3 ቀን በፊት እኮ ኮንግረሱ ሕግ አውጥቷል። እንዲከፈት የሚፈቀድለት ጤነኛ የተባለ ባንክ ነበር። ቃሉ ባዶ ቢሆን ኖሮ ሳምንት ሳይሞላው ይጋለጥ ነበር።

ዮናስ፦ ልክ ነሽ። አሁን ወደ ኬኔዲ እንሂድ?

ሄለን፦ እሱን ለእኔ ተወው። ኤፕሪል 1961፦ ሲአይኤ ያሠለጠናቸው 1,400 ገደማ ኩባውያን ስደተኞች የአሳማዎች ባሕረ ሰላጤ ላይ ወርደው ካስትሮን ሊጥሉ ሞከሩ። በ3 ቀን ውስጥ ተደመሰሱ፤ አብዛኞቹ ተማረኩ። ዕቅዱ በቀድሞው ፕሬዚዳንት በአይዘንሃወር ዘመን የተጠነሰሰ ስለነበር ኬኔዲ «ወርሼው ነው» ማለት ይችል ነበር። አላለም። በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ድል መቶ አባት አላት፣ ሽንፈት ግን ወላጅ አልባ ናት የሚል የቆየ አባባል ጠቅሶ የመንግሥቱ ኃላፊ እኔ ነኝ አለ።

ዮናስ፦ በጋሉፕ የሕዝብ አስተያየት መለኪያም ሥራውን የሚደግፉለት 83 በመቶ ደረሱ። ተሸንፎ!

ሄለን፦ ሰው ሁሉ ይቺን ብቻ ነው የሚያስታውሳት። ጋዜጠኛው የጠየቀው እኮ ስለ ጉዳዩ ለምን በግልጽ አይነገረንም ብሎ ነው። ኬኔዲም ኃላፊነቱን ወሰደና፣ በዚያው ትንፋሽ ዝርዝሩን መናገር አሁን አይጠቅመንም ብሎ አለፈው። በእኔ ግምት «ኃላፊው እኔ ነኝ» ያለው አፍ ማስያዣ ሆነለት።

ዮናስ፦ ኧረ አታካብጂው! ቀዝቃዛው ጦርነት መሀል ነው፤ ምን ይዘርዝር?

ሄለን፦ እሺ፣ በሳምንቱ ኒው ዮርክ ሄዶ የጋዜጣ አሳታሚዎችን «ከማተማችሁ በፊት የአገር ደኅንነትን አስቡ» ማለቱንስ? የሲአይኤው ኃላፊ አለን ደለስም በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ሄደ። ጥፋቱን በአደባባይ አንድ ሰው ተሸከመ፣ ወንበሩን በኋላ ሌላ ሰው ለቀቀ።

ዮናስ፦ እንግዲያው ሬገንን ትወጂዋለሽ። ኖቬምበር 1986 ላይ ሊባኖስ ውስጥ የታገቱ አሜሪካውያንን ለማስለቀቅ ከኢራን ጋር መሣሪያ በታጋች አልለወጥንም ብሎ በቴሌቪዥን ተናገረ። ማርች 4 ቀን 1987 ተመልሶ መጣና፣ ልቤና በጎ ሐሳቤ አሁንም ያልኩት እውነት ነው ይሉኛል፣ ማስረጃው ግን አይደለም ይለኛል አለ።

ሄለን፦ ይሄ ይቅርታ ነው? ልቡን ነጻ አውጥቶ ማስረጃውን ከሰሰው እኮ!

ዮናስ፦ (ሳቅ) ቢሆንም ሐቁን አምኗል። ኬኔዲ ኃላፊነቱን ወስዶ ዝርዝሩን ዘጋ፤ ይሄኛው ቢያንስ «የነገርኳችሁ ትክክል አልነበረም» አለ።

ሄለን፦ መርማሪ ቦርድ ሪፖርቱን ካወጣ በኋላ ነዋ! አራት ወር ሊሞላው ምን ቀረው? ሩዝቬልት ሥልጣን በያዘ በ8 ቀኑ ነው ሬዲዮ ላይ የወጣው።

ዮናስ፦ ሩዝቬልትማ ምን አለበት፤ ባንኮቹን ያበላሸው እሱ አልነበረ!