ረቂቁን የሚጠብቅ ጆሮ

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበራችሁ ደራስያን፣ የመጀመሪያ ረቂቃችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወጣት ጸሐፍት፣

ስለ ደራስያን ቡድን ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ስሕተት የሚለቀምበትን ጉባኤ ነው፤ አንዱ ያነባል፣ ሌሎቹ ጉድለቱን ይነግሩታል፣ እሱም ቤቱ ገብቶ ያርማል። እርማት ጥቅም የለውም አልልም። ነገር ግን ረጅም ልብ ወለድ ለሚጽፍ ሰው ቡድኑ ከሚሰጠው ሁሉ የሚበልጠው፣ ቀጣዩን ምዕራፍ የሚጠብቅ ሰው መኖሩ ነው ብዬ አምናለሁ። ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት ይህንኑ ለመናገር ነው።

ገጣሚ ትናንት የቋጨውን ግጥም ዛሬ ማታ ለወዳጁ ከዳር እስከ ዳር ሊያነብለት ይችላል፤ ፊቱን አይቶም ሥራው መያዝ አለመያዙን ያውቃል። የልብ ወለድ ጸሐፊ ግን ሦስት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ዐሥር ዓመት ያላለቀ ነገር ተሸክሞ ይኖራል። የጅማሬው ሙቀት በርዶ መጨረሻው ገና በማይታይበት መካከል ላይ ሲደርስ «ይህን ሁሉ የምለፋው ለማን ብዬ ነው?» የሚል ጥያቄ ይመጣበታል። እኔ እንዳየሁት፣ ብዙ ረቂቅ ሳይጠናቀቅ የሚቀረው ጸሐፊው ችሎታ አንሶት ሳይሆን ለዚህ ጥያቄ መልስ አጥቶ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ሃዎርዝ በምትባል የእንግሊዝ መንደር፣ በአንድ ቄስ ቤት ሻርሎት፣ ኤሚሊና አን ብሮንቴ የሚባሉ ደራስያን እኅትማማቾች ይኖሩ ነበር። የሻርሎትን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው ኤልዛቤት ጋስኬል እንደምትተርከው፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን የእጅ ሥራቸውን አስቀምጠው፣ ክፍሉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ ስለሚጽፉት ታሪክ ይወያያሉ፤ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴም እያንዳንዷ የጻፈችውን ለሌሎቹ ታነባለች። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ቀጥሎ ያለውን ነው። ሻርሎት ራሷ ለጋስኬል እንደነገረቻት፣ በእኅቶቿ አስተያየት ምክንያት የጻፈችውን የለወጠችው ከስንት አንዴ ነው። እንዲህም ሆኖ ንባቡ አልተቋረጠም፤ ሦስቱንም ከዕለት ተዕለት ጭንቀት አውጥቶ መንፈሳቸውን የሚያነቃቃ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1848 መጨረሻ ኤሚሊ፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ አን ሞቱ። ከዚያ በኋላ የቤቱ አገልጋይ፣ ሻርሎት በዚያው ክፍል ማታ ማታ ብቻዋን ስትመላለስ ኮቴዋን መስማት ልቧን ያሳምማት እንደነበር ተናግራለች። ሻርሎት በእጇ የነበረውን ልብ ወለድ በዚያው በ1849 ጨርሳ አሳትማዋለች። ብቻን ሆኖ መጨረስ ይቻላል ማለት ነው፤ ይህን አልክድም። ያን የእግር ድምፅ ግን መርሳት አልችልም።

ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ እዚያው እንግሊዝ፣ በኦክስፎርድ ከተማ ኢንክሊንግስ የሚባል የወዳጆች ስብስብ ነበር። ብዙውን ጊዜ ሐሙስ ማታ በደራሲው በሲ. ኤስ. ሉዊስ የኮሌጅ ክፍል ተሰብስበው ረቂቃቸውን ድምፅ አውጥተው ያነባሉ። ከመካከላቸው አንዱ የነበረው ቶልኪን በ1937 መጨረሻ የጀመረውን ትልቁን ሥራውን፣ «የቀለበቶቹ ጌታ» (The Lord of the Rings) የተባለውን ልብ ወለድ፣ ጽፎ ለመጨረስ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ፈጅቶበታል፤ መጽሐፉ የታተመውም በ1954 እና በ1955 ነው። ቶልኪን ኋላ በጻፈው ደብዳቤ፣ የሉዊስ ውለታ በአጻጻፉ ላይ ያሳደረበት ተጽዕኖ ሳይሆን ማበረታታቱ እንደነበር፣ ለረጅም ጊዜም ብቸኛ አድማጩ እርሱ እንደነበር ገልጿል። ሻርሎትም ቶልኪንም የመሰከሩት ስለ አድማጭ እንጂ ስለ እርማት አለመሆኑን አስተውሉ። ይሁን እንጂ ያም ስብስብ እንከን አልባ አልነበረም፤ ከአባላቱ አንዱ ንባቡን አጥብቆ ይጠላ ስለነበር ቶልኪን እርሱ ባለበት ማንበቡን ትቷል። የአንድ ሰው መሰላቸት ስንት ነገር ሊዘጋ እንደሚችል ከዚህ ማየት ይቻላል።

እኔም ይህ ደርሶብኛል። መጀመሪያ የገባሁበት ቡድን እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እየነቀሰ «እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር» የሚል ነበር። የሰጡኝ አስተያየት በአብዛኛው ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ከአራተኛው ስብሰባ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ገጽ አልጻፍሁም፤ በየመስመሩ የእነርሱ ድምፅ ይቀድመኝ ነበርና። በሁለተኛው ቡድኔ ግን አምስት ነበርን፤ አንድ ማታ ዐሥራ አንደኛውን ምዕራፍ አንብቤ ስጨርስ፣ ጥግ ላይ የምትቀመጥ አንዲት አባል «የፋኖስ ክር ልትገዛ የወጣችው አሮጊት ተመለሰች ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። አሮጊቷን በሦስተኛው ምዕራፍ ከቤት አስወጥቼ ፈጽሞ ረስቻታለሁ። ያ ምዕራፍ ከተነበበ ሰባት ወር አልፎ ነበር፤ ያቺ አድማጭ ግን ሰባት ወር ሙሉ በሩን ስትጠብቅላት ኖራለች። የዚያን ማታ ቤቴ ገብቼ እስከ ንጋት ጻፍሁ። የተነገረኝ እኮ ስሕተቴ ነው፤ የደረሰኝ ግን የፈጠርኋት ሰው በሌላ ሰው ልብ ውስጥ ትኖራለች የሚል ምሥራች ሆኖ ነው።

ስለዚህ ደጋፊ ቡድን ስል የሚያሞካሽ ቡድን ማለቴ አይደለም። ሁልጊዜ «ግሩም ነው» የሚል አድማጭ፣ ያልሰማን ሰው ያህል ብቸኛ ያደርጋል። አድማጭ በእርግጠኝነት የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም በራሱ ውስጥ የሆነውን ነው፤ የት ልቡ እንደተንጠለጠለ፣ የት ሐሳቡ እንደሸሸ፣ ማንን እንዳመነና ማንን እንዳላመነ። ይህን ሳይሸሽግ ይንገረን። መፍትሔው ግን የጸሐፊው ነው፤ ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቀው፣ ወይም ጽፎ የሚያገኘው፣ እርሱ ብቻ ነውና። ጸሐፊውም በበኩሉ አስተያየት ሲሰጥ አይሟገት፤ ማስታወሻ ይያዝ። አንባቢ መጽሐፉን ገዝቶ ሲያነብ ደራሲው አጠገቡ ቁጭ ብሎ አያብራራለትም።

የቀረው ቀላል ነው። ከአራት እስከ ስድስት ሰው ይበቃል፤ ሁሉም የሚጽፍ ይሁን፤ ቀኑ አይለዋወጥ፤ ያልጻፈም ሰው ለመስማት ይምጣ፤ በተለይ ያልጻፈው ይምጣ።

አሁን ከጎናችሁ የተቀመጠውን ሰው ምን እየጻፈ እንደሆነ ጠይቁት። ከዚህ አዳራሽ ሳትወጡ አራትም አምስትም ሆናችሁ የመጀመሪያውን ቀን ቁረጡ፤ ለዚያም ቀን ከረቂቃችሁ ዐሥር ገጽ፣ ያላማረውንም ቢሆን፣ ይዛችሁ ኑ።

አመሰግናለሁ።