ተቀምጦ የሚለካ ሱሪ፦ ለተርኪ አደን ምን እንልበስ?

[ምስል፦ ቨርጂኒያ፣ ጎህ ሳይቀድ። ጫካ። ከሩቅ የአውራ ተርኪ ድምፅ ይሰማል።]

ሰማችሁት? አውራ ተርኪ ነው፣ የዱር የቱርክ ዶሮ። ገና ካደረበት ዛፍ አልወረደም። ሴቶቹን እየጠራ ነው። እኛ ደግሞ ከሥር ግንድ ተደግፈን የሴቷን ድምፅ አስመስለን እንመልስለታለን። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መቀመጥ ነው። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴም ሦስት።

እንደምን ናችሁ? ዛሬ ስለ ጠመንጃ አላወራም። ስለ ሱሪ ነው የማወራው። «ለአንድ የቱርክ ዶሮ ደግሞ ምን ሱሪ ምርጫ ያስፈልገዋል?» የሚል አይጠፋም። እኔም እንደዚያ ብዬ ነው በመጀመሪያው ቀን በጅንስ የሄድኩት። የሳሩ ጤዛ እስከ ጉልበቴ አራሰኝ። ጅንስ ጥጥ ነው፤ ውሃውን ይጠጣል፣ ቶሎ አይለቅም። ጠዋቱ ብርድ ነበር። ተቀምጬ ስንቀጠቀጥ አውራው ከሩቅ ብቅ አለ፣ አንዴ አየኝና ተመልሶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሱሪ ላይ ቀልድ የለም።

[ምስል፦ የፀደይ ጫካ፣ ቀን። ቅጠል ገና እየወጣ ነው።]

እዚህ ቨርጂኒያ የፀደዩ ወቅት የሚከፈተው ኤፕሪል ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ከሁዳዴ መጨረሻ ወይም ከፋሲካ ሰሞን ጋር ይገጥማል። (በስመ አብ ሳይባል በጥይት የወደቀ ወፍ ይበላል ወይ የሚለውን ለንስሐ አባታችሁ ትቼዋለሁ።) በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አደኑ የሚፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ እስከ ቀትር ብቻ ነው። ስለዚህ ያው ሱሪ ጠዋት 5 ዲግሪ ላይ ያሞቃችኋል፣ ቀትር ላይ ደግሞ 20 ዲግሪ ሲሆን ያልባችኋል። ይህን ሁሉ ሰዓት አብዛኛውን የምታሳልፉት መሬት ላይ ቁጭ ብላችሁ ነው።

ሱቅ ገብተን ግን ሱሪ የምንለካው ቆመን ነው። መስታወት ፊት እንቆማለን፣ ዞር ብለን ኋላችንን እናያለን፣ «አምሮብኛል» ብለን እንከፍላለን። ስህተቱ እዚያ ላይ ነው።

[ምስል፦ የልብስ መለኪያ ክፍል። ሰውየው ወለሉ ላይ ተቀምጧል።]

እንደዚህ አድርጉ። ወለሉ ላይ ቁጭ በሉ። ጀርባችሁን ግድግዳው ላይ አስደግፉ። ጉልበታችሁን አጥፋችሁ ከፍ አድርጉት፤ ጠመንጃው የሚያርፈው እዚያ ላይ ነውና። ሻጩ ትንሽ ይገረም ይሆናል፣ ይገረም። አሁን እንደዚሁ አምስት ደቂቃ ቆዩ። ወገቡ ሆዳችሁን ከቆረጠው፣ ወይም ጉልበቱ ላይ ከወጠራችሁ መልሱት። አምስት ደቂቃ ያስቸገረ ሱሪ ሦስት ሰዓት አያስቀምጥም።

ቀጥሎ ወደ እግራችሁ ተመልከቱ። የሱሪው ጫፍ የት ደረሰ? እኔ የመጀመሪያውን ስለካ አራት ጣት ያህል ወደ ላይ ሸሽቶ ነበር። ከሥሩ ምን ታየ? ነጭ ካልሲ።

[ምስል፦ የአውራ ተርኪ ጭንቅላት በቅርበት። ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ።]

ይህ የፋሽን ጉዳይ አይደለም። የአውራውን ጭንቅላት እዩት፤ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ነው። አዳኝ የሚያነጣጥረው ደግሞ ጭንቅላቱ ላይ ነው። እናንተ ቁጥቋጦ ውስጥ ሆናችሁ የሴቷን ድምፅ እያሰማችሁ ነው። ድምፁን ሰምቶ የሚመጣ ሌላ አዳኝ ቢኖርስ? ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ ብልጭ የሚል ነጭ ነገር ቢያይስ? ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው አዳኞች እነዚህን ሦስት ቀለሞች ካልሲም ላይ፣ የውስጥ ልብስም ላይ የማይፈልጓቸው። ሱሪው ስትቀመጡም ጫማችሁን መሸፈን አለበት። ካጠረ፣ እጥፉን ፈትቶ ሁለት ጣት ማስረዘም ለልብስ ሰፊ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ሀገር ቤት ተፈሪ ሱሪ የሚባለውን ታውቁታላችሁ? ጭኑ ሰፊ፣ ባቱ ላይ ጥብቅ ያለ። ፈረስ ላይ ለሚቀመጥ ሰው የተቆረጠ ነው። ጭኑ እንደ ልብ ያንቀሳቅሳል፣ ታችኛው ደግሞ ወደ ላይ አይሸሽም። እኔ የተርኪ ሱሪ ስመርጥ የምፈልገው ያንኑ ቅርጽ ነው፤ ያን ያህል ባይነፋም።

[ምስል፦ ሱሪ ተገልብጦ። እጅ የመሐል እግሩን ስፌት ያሳያል።]

አሁን ሱሪውን ገልብጡት። ተራ ሱሪ ላይ አራት ስፌቶች መሐል እግር ላይ አንድ ነጥብ ይገናኛሉ። ሰው ቁጢጥ ሲል ወይም ግንድ ሲሻገር ጉተታው ሁሉ እዚያች ነጥብ ላይ ይወድቃል። «ጥርቅ» የሚለውም እዚያው ነው። ደህና የአዳኝ ሱሪ እዚያ ቦታ ላይ ባለ አራት ማዕዘን ቁራጭ ጨርቅ ይገባበታል። ስፌቶቹ ይበታተናሉ፣ ጉተታውም አብሮ ይበታተናል። ይህ ቁራጭ የሌለውን ሱሪ፣ በነፃም ቢሰጡኝ፣ ለጫካ አልለብሰውም። መቀመጫውና ጉልበቱ ላይ ድርብ ጨርቅ ካለበት ደግሞ በጣም ጥሩ።

የጨርቁን ነገር በጆሯችሁ ምረጡት። ጭናችሁን ከጭናችሁ ጋር አፋትጉት፣ በጥፍራችሁም ጫር አድርጉት። «ሽው ሽው» ካለ ተርኪው ይሰማዋል። ንጹሕ ናይለን ጠንካራ ነው፣ ቶሎም ይደርቃል፤ ግን ብዙ ጊዜ ይጮኻል። ጥጥ ዝም ይላል፤ ግን ከነገርኳችሁ ጤዛ አያድንም። እኔን የተመቸኝ ናይለን ወይም ፖሊስተር ሆኖ ላዩ ለስለስ ያለ፣ ትንሽ የሚለጠጥ ክር የተቀላቀለበት ነው። ኪሱ ደግሞ በቁልፍ ወይም በዚፕ ይዘጋ። ያ «ክርርር» እያለ የሚላቀቀው ማጣበቂያ ጸጥ ባለ ጠዋት ጉድ ነው የሚያደርጋችሁ።

እሾህም አለ። የቨርጂኒያ ጫካ ዳር ላይ ከምሥራቅ እስያ መጥቶ አገሩን የወረረ የዱር ጽጌረዳ ሞልቷል፤ የኛው የቀጋ ዘመድ ነው። የበግ እረኛ የነበረ ሰው ያውቀዋል፤ ይይዝና አይለቅም። ለዚህ የሚሻለው በጣም ትናንሽ አራት ማዕዘኖች የሚታዩበት ሽመና ነው። በየመሐሉ ወፈር ያለ ክር ስለሚያልፍ፣ ቢቀደድም ቀዳዳው ሳይሰፋ ክሩ ጋ ይቆማል።

ሬንጀር መሆን አለበት ወይ? ቢሆን ጥሩ ነው፤ ተርኪ ቀለም አጥርቶ ያያል። ግን ቡናማ ወይም የወይራ ቀለም ያለው የሥራ ሱሪ ለብሶ የማይንቀሳቀስ ሰው፣ ውድ ሬንጀር ለብሶ ከሚቁነጠነጥ ይበልጣል። ዋጋው ላይ «የተርኪ» የሚል ቃል ስለተጻፈ ብቻ ጭማሪ አትክፈሉ።

[ምስል፦ ጀርባዋ ላይ አንድ ነጭ ነጥብ ያላት መዥገር።]

በመጨረሻ መዥገር። ሀገር ቤት የከብት ጣጣ ነበረች፤ እዚህ የኛ ናት። እ.ኤ.አ. በ1975 ኮነቲከት ውስጥ ላይም በምትባል ከተማ አካባቢ ትኩረት የሳበው የላይም በሽታ የሚተላለፈው በመዥገር ነው። ይህች ነጭ ነጥብ ያላት ደግሞ ሌላ ዓይነት ናት። የነከሰችው አንዳንድ ሰው ለቀይ ሥጋ አለርጂ ይሆናል። ክትፎ፣ ጥብስ፣ ጥሬ ሥጋ... በላ፣ ከሰዓታት በኋላ ሰውነቱ ይነሳበታል። ለሐበሻ ከዚህ የከፋ ምን አለ? ተርኪ ግን መብላት ይችላል፤ የወፍ ሥጋ አያስቆጣውም።

ስለዚህ የሱሪውን ጫፍ ካልሲ ውስጥ ክተቱ፤ ካልሲው ግን ከእነዚያ ሦስት ቀለሞች አይሁን። ሱሪውን ደግሞ 0.5 በመቶ ፐርመትሪን (መዥገር የሚገድል መድኃኒት) ባለበት ለልብስ የተሠራ ፈሳሽ ርጩት። ቆዳ ላይ አይደረግም። ብዙውን ጊዜ 6 እጥበት ያህል ይቆያል። ስታጥቡም «ነጭ የሚያበራ» ከሚባል ሳሙና ራቁ፤ ተርኪ ወደ አልትራቫዮሌት የሚጠጋውን ብርሃን ስለሚያይ ያ ማድመቂያ ሱሪያችሁን አብርቶ ያጋልጣችኋል።

[ምስል፦ በረንዳ ላይ የተሰጣ ሱሪ። መስኮቱ ጋ ድመት።]

የረጫችሁትን ውጭ ስጡት፣ ቀጥ ብሎ ይድረቅ። ድመት ካለቻችሁ ሱሪው እስኪደርቅ ከቤት አታውጧት፤ ፐርመትሪን እርጥብ እያለ ለድመት መርዝ ነው።